የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትና አዲሱ የዕውቀት መሣሪያ



ቤተ መጻሕፍት በቃሉ ትርጉም የመጻሕፍት ቤት ማለት እንደ ሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በአገራችን በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመውና ሕዝቡ ወመዘክር እያለ የሚጠራው ቤተ መጻሕፍት፣ መጽሐፍ ለመግዛት ዐቅም ላነሰው ሰው ሁሉ በሩን ከፍቶ ስንቱን አስነብቧል።

ነገር ግን በዘመናችን ዕውቀት የሚገኘው ከወረቀት ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለአንዳንዶቹ ተማሪዎች በወረቀት፣ ለሌሎቹ ደግሞ በኮምፒዩተር ተሰጥቷል። እንግዲህ በቤቱ ኮምፒዩተር ያለው ልጅ ያለ ሥጋት ለፈተና ሲቀርብ፣ የሌለው ልጅ ግን ትምህርቱን ዐውቆ ሳለ መሣሪያውን ባለመልመዱ ብቻ ወደ ኋላ ቢቀር፣ ይህ ትክክለኛ ፍርድ ነው ለማለት ይቻላልን?

ይህን ልዩነት ለማጥበብ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እጅግ የተመቸ ስፍራ ነው። ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት ለአንድ ቤተ ሰብ ከባድ ወጪ ነው፤ የከተማው ሕዝብ በጋራ ሲገለገልበት ግን ይቀላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለዚህ ዐይነቱ ነገር ነው።

ይሁን እንጂ መሣሪያውን ገዝቶ መደርደር ብቻውን ጥቅም አይሰጥም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንደ ተባለ፣ አስቀድሞ ሕዝቡ ምን እንደሚፈልግ መጠየቅ፣ ቀጥሎም አሠራሩን የሚያሳይ ሰው ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

ለዚህ መልካም ምሳሌ የሚሆነን የፊንላንድ ዋና ከተማ ሄልሲንኪ ነው። በዚያች ከተማ ከምክር ቤቱ ፊት ለፊት ኦዲ የተባለ ቤተ መጻሕፍት ኅዳር 26 ቀን 2011 ዓ.ም. ተከፈተ። ሕንፃው ከመሠራቱ በፊት የከተማው ነዋሪዎች ምን እንዲኖረው እንደሚሹ ተጠይቀዋል፤ የውዳሴ ግጥም የሚል ትርጉም ያለው ስሙም የተመረጠው ከሕዝቡ ከቀረቡት ስሞች መካከል ነው። በላይኛው ፎቅ 100,000 ያህል መጻሕፍት ሲኖሩ፣ በመካከለኛው ፎቅ ኮምፒዩተሮች፣ የድምፅ መቅጃ ክፍሎች፣ ከፕላስቲክ ልዩ ልዩ ዕቃ ቀርጸው የሚያወጡ መሣሪያዎች፣ እንዲሁም የልብስ ስፌት መኪናዎች ይገኛሉ። በ2009 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የአገሩ ሕግም መጻሕፍት መዋስ በነጻ እንዲሆን ከማዘዙ በላይ፣ ዜጎች በአገራቸው ጉዳይ እንዲሳተፉ ማበረታታትን ከቤተ መጻሕፍት ተግባሮች አንዱ አድርጎ ቈጥሮታል።

የኛ አገር ሀብት ከፊንላንድ ሀብት ጋር እንደማይተካከል የታወቀ ነው። ሆኖም ሕዝብን መጠየቅ ብዙ ወጪ አያስከትልም። በአዲስ አበባ በአራት ኪሎ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ለተመረቀው ለአብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሰዎች ከየቤታቸው መጻሕፍት አምጥተው መለገሳቸው፣ ሕዝቡ ሲጠራ እንደሚመጣ ያስረዳል። መጽሐፉን የሰጠ ሕዝብ፣ ቢጠየቅ ሐሳቡንም ለመስጠት አይነፍግም።

ስለዚህ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የመደርደሪያ ጠባቂ ብቻ አይሁን፤ በሳምንት አንድ ሰዓት እንኳ መድቦ ለጀማሪዎች አሠራሩን ያሳይ። ኮምፒዩተር የለመደው ወጣትም ያልለመዱትን አባቶችና እናቶች ለማስተማር ትዕግሥት ይኑረው። ወላጆች ሆይ፣ እናንተም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የጐደለውን ነገር ለኀላፊዎቹ በግልጽ ተናገሩ። የሚጠይቅ ሕዝብ ባለበት መሣሪያው ሥራ ፈትቶ አይቀመጥምና።