ሁለት ነን አልኳችሁ፤ ሦስት ነበርን
(በዲላ በተደረገው የቀድሞ ተማሪዎች መሰባሰቢያ ላይ የቀረበ ንግግር)



አንደኛ ዓመት ሳለን ዶርም ውስጥ «ስንት እህትና ወንድም አለሽ?» ስትሉኝ «አንድ እህት ብቻ፤ ሁለት ነን» ብያችሁ ነበር። ዋሽቻችኋለሁ። ታላቅ ወንድም ነበረኝ፤ አሁንም አለኝ። በ19 ዓመቱ ታመመ። እኛ የማንሰማው ድምፅ ይሰማዋል፤ ሌሊቱን ሲነጋገር ያድራል። እናቴ ጠበል ወሰደችው፤ እኔ ደግሞ ከቁጥር አወጣሁት።

ሐፍረቱ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ሐኪም ከሆንኩ በኋላ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. በታተመ፣ ቡታጅራ አካባቢ በተደረገ ጥናት 178 የአእምሮ ሕሙማን ዘመዶች ተጠይቀው ነበር። ከአራቱ ሦስቱ መገለል እንደሚሰማቸው ተናገሩ፤ ከሦስት አንድ የሚበልጡት ሕመሙን መደበቅ ይፈልጉ ነበር።

ያኔ አንድ ልብ ወለድ ባገኝ ኖሮ እላለሁ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጉዱ ካሣን አገሩ እብድ ይለዋል፤ እኛ አንባቢዎቹ ግን ጤነኛው እሱ እንደሆነ ይገባናል። እኔም እወደዋለሁ። ወንድሜ ግን ጉዱ ካሣ አልነበረም። የተደበቀ ጥበብ አልነበረውም፤ ታሞ ነበር። እህቱም የምትወደው፣ የምትፈራው፣ አንዳንዴም «ምነው ባልኖረ» የምትል የ15 ዓመት ልጅ ነበረች። እሷን ባነበብኳቸው መጻሕፍት አላገኘኋትም።

ዛሬ እዚህ ዲላ፣ ከወናጎና ከይርጋጨፌ ታማሚ ይዛ የምትመጣው ብዙ ጊዜ እህት ናት። ካርድ ታወጣለች፣ ኪኒን ትቆጥራለች። «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ስላት ታለቅሳለች። ከዚያ ቀስ ብላ «እኔንም ይይዘኝ ይሆን?» ትላለች። የስኪዞፍሬኒያ ታማሚ እህት ወይም ወንድም ከሆኑት ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ በዚህ ሕመም እንደማይያዙ እነግራታለሁ። ይህን ከእኔ በፊት አንድ መጽሐፍ ቢነግራት ምናለ?

ከመካከላችን የሚጽፉ፣ የሚያስተምሩም አሉ። ለወጣቶች ስትጽፉ ይህችን ልጅ አስገቧት። ታማሚውን መሳቂያ አታድርጉት፤ ነቢይም አታድርጉት። በመጨረሻው ምዕራፍ በተአምር አታድኑት፤ አትግደሉትም። መድኃኒት ይጀምር፣ ያቋርጥ፣ ያገርሽበት፣ እንደገና ይጀምር፤ እውነቱ እንዲህ ነው እኮ። እህቲቱም ትቆጣ። ተቆጣች ማለት አትወደውም ማለት አይደለም።

ወንድሜ ዛሬ መድኃኒቱን እየወሰደ ከእኔ ጋር ይኖራል። ጠዋት ስወጣ «ጓደኞችሽን ሰላም በያቸው» ብሎኛል። ይኸው፣ ሰላም ብሏችኋል። እኛ ሦስት ነን።