ምስጋናው ለድካማችሁ ነው

ልጆቻችን፣ ዛሬ የጨቅላ ሕፃናት ነርስ ሆናችሁ ትመረቃላችሁ።

እንዲህ ባለው መድረክ ላይ መናገር የለመደው ባለሥልጣን ወይም ምሁር ነው። እኔ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። ኮሌጃችሁ የጠራኝ ግን በአስተማሪነቴ ሳይሆን፣ በ30 ሳምንቷ፣ 1 ኪሎ ከ200 ግራም ሆና የተወለደች ልጅ እናት በመሆኔ ነው። ያቺ ልጅ ዛሬ ተማሪ ናት፤ ፊደል ቆጥራ ማንበብ ጀምራለች። ስለዚህ የመጣሁት ላመሰግን ነው። ነገር ግን ምስጋናዬ በልጄ መዳን ብቻ እንዲለካ አልፈልግም። ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

ልጅ በቀኑ ሲወለድ በእኛ አገር የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። እልል ይባላል፣ ገንፎ ይገነፋል፣ ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። ያለ ቀኑ ሲወለድ ግን ቤቱ ግራ ይገባዋል። እናትየዋ አራስ ናት፤ ልጇ ግን እቅፏ ውስጥ የለም። ጠያቂው እልል ይበል ወይስ ያጽናና ይቸግረዋል። ትልልቆቹ ሴቶች ደግሞ ከጥንት የሰሙትን ይዘው ወር ይቆጥራሉ፤ የሰባት ወሩ ያድጋል፣ የስምንት ወሩ ግን አያድግም ይላሉ። እውነቱ ሌላ ነው፤ በማኅፀን የሚጨመር እያንዳንዱ ሳምንት ለሕፃኑ ሳንባ ይጠቅማል። ይህንን ለእናቴ ቁጭ ብላ ያስረዳቻት አንዲት የክፍሉ ነርስ ናት፤ አሮጊቷን ሳታሳፍር፣ «እማማ» እያለች።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ መጀመሪያ የተቀበለችኝም ነርስ ናት። በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍቼ ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ስገባ፣ ልጄን ከማየቴ በፊት ይህንን አለችኝ። ቀጥላም «በይ እጅሽን ታጠቢ፤ ሥራ አለሽ» አለችኝ። እኔ ልጠይቅ የመጣሁ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ሥራ ሰጠችኝ። እስከ ዛሬ ከሰማኋቸው ቃላት ሁሉ እንደዚያ ያበረታኝ የለም።

ሥራችሁ ከሩቅ ለሚያየው ትንንሽ ነገር ነው። የቱቦው ፕላስተር ከጉንጭ እንዳይላቀቅ ማስተካከል። የታለበውን ወተት በስሪንጅ ለክቶ፣ በሕፃኗ አፍንጫ በገባው ቱቦ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ እንዲወርድ ስሪንጁን ከፍ አድርጎ ይዞ መቆም። እጅ መታጠብ፣ ደግሞ መታጠብ። አንዲት ነርስ ይህንን ለብዙ ሕፃናት ታደርጋለች፤ የመጨረሻውን መግባ ስትጨርስ የመጀመሪያው ሕፃን ሰዓት ደርሷል።

ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን መተንፈስ እንደሚረሳ የተማርኩት እዚያ ነው። ትንፋሹን የሚያዘው የአእምሮው ክፍል ገና ስላልበሰለ ድንገት ዝም ይላል። ነርሷ የውስጥ እግሩን በጣቷ ነካ ነካ ታደርገዋለች፤ ሕፃኑም እንደገና ይተነፍሳል። ሳንባው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች እንዳይጣበቁ የሚያደርገው ፈሳሽም ገና አልሞላም። ለዚህ ነው ትንፋሽ የሚያግዘው መሣሪያ፣ የሲፓፑ ቱቦ ጫፍ ውሃ ውስጥ ተነክሮ አረፋ የሚያወጣው፤ ግፊቱ ከረጢቶቹን ከፍቶ ያቆያቸዋል። ያ የአረፋ ድምፅ ሲቋረጥ፣ አጠገቡ ከተቀመጥነው እናቶች ቀድማ ከክፍሉ ማዶ የምትሰማው ነርሷ ናት። በአገራችን በአምስት ሆስፒታሎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ ያለ ቀናቸው ተወልደው ከሚሞቱ ሕፃናት ብዙዎቹን የሚወስደው በቀዳሚነት ይኸው የትንፋሽ ችግር፣ ቀጥሎም ኢንፌክሽን መሆኑን አሳይቷል። እንግዲህ አረፋ ማዳመጥና እጅ መታጠብ ትንንሽ ነገር አይደለም።

ከተሰጠኝ ሥራ ሁሉ ትልቁ ካንጋሮ የሚባለው እንክብካቤ ነበር። ልጄ ዳይፐር፣ ኮፍያና ካልሲ ብቻ አድርጋ ደረቴ ላይ ተኛች፤ በነጠላ አጥብቀው አሰሩን። እንደዚያ ሆኜ በላሁ፣ እንደዚያ ሆኜ አንቀላፋሁ። እኔ ሲደክመኝ ነርሷ ባለቤቴን ጠርታ «አባትም ደረት አለው» አለችው። አባት ጨቅላ ልጅ ማቀፍ በማይደፍርበት ቤት ያደገ ሰው ሸሚዙን ፈታ። ያን ቀን የጀመረው ፍቅር እስከ ዛሬ ቤታችንን ሞልቶታል።

ተመራቂዎች ሆይ፣ በዚህ ዘዴ ልትኮሩ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1978 ኮሎምቢያ፣ ቦጎታ ውስጥ ማሞቂያ አንሶ፣ ኢንፌክሽኑም በርትቶ ሳለ ዶክተር ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ ጀመሩት። ለረጅም ጊዜ ማሞቂያ መግዛት ላቃተው አገር የሚሆን መፍትሔ ተደርጎ ይታይ ነበር። ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁ ከባልደረባቸው ጋር አዲስ አበባ ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ግን፣ ሕፃናቱ ጨርሰው እስኪረጋጉ ሳይጠበቅ ገና በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወደ እናታቸው ደረት ሄዱ። በተለመደው መንገድ ከታከሙት ውስጥ ከሦስት አንድ በላይ ሞቱ፤ እናታቸው ደረት ላይ ከተያዙት ደግሞ ከአራት አንድ ያነሱ። በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ትልቅ ጥናት ከተወለዱ ወዲያው መጀመሩ ሞትን በሩብ እንደሚቀንስ አረጋገጠ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በዓመቱ ይህንኑ በመመሪያው አስገባ። ኋላ ዓለም የተቀበለውን ሐሳብ የአገራችሁ ሐኪሞች ቀድመው ፈትነውታል። የተረከባችሁት ይህንን ነው።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ።

ከእኔ ቀጥሎ አንዲት እናት ነበረች። ወንድ ልጇ ከልጄ በክብደት ይበልጥ ነበር፤ እኛ እንደ ጎበዝ ነበር የምናየው። ኢንፌክሽን ያዘው። የዚያን ሌሊት ተረኛ የነበረችው ነርስ ለእኔ ልጅ ያደረገችውን ሁሉ ለእሱም አደረገች፤ ከዚያም በላይ አደረገች። አልተረፈም። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ አወጣችለት፤ ፕላስተር የነበረበትን ጉንጩን ለብ ባለ ውሃ ጠረገችለት፤ ኮፍያውን አስተካክላ ለእናቱ አሳቀፈቻትና መጋረጃውን ሳበች። «ጊዜሽን ውሰጂ፣ ማንም አያስነሳሽም» ስትላት ሰማሁ። ከዚያ እጇን ታጥባ ወደ እኛ መጣች፤ የልጄ የወተት ሰዓት ደርሶ ነበር።

ልጄን ታቅፌ ከሆስፒታል ስወጣ ያቺን ነርስ «አንቺ ነሽ ያዳንሽልኝ» አልኳት። እውነት ነው። ነገር ግን እናንተ የምትመሰገኑት በዳነው ልጅ ብቻ ከሆነ፣ ያ ሌሊት ያለ ምስጋና ሊቀር ነው። እጇ አንድ ነበር፣ እንቅልፏን ያጣችው እኩል ነበር፣ ርኅራኄዋ አንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የተደረገው አገራዊ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚለው፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 33ቱ የመጀመሪያ ወራቸውን አይጨርሱም። ይህ ቁጥር በእናንተ እጅ እንደሚቀንስ አምናለሁ። እስኪቀንስ ድረስ ግን እነዚያን ሌሊቶች የምትሸከሙት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ምስጋናዬን ቀድሜ አመጣሁ፤ ለምታድኗቸውም፣ አቅማችሁን ሁሉ አሟጣችሁ ለማይተርፉላችሁም።

እዚህ ያላችሁ የጤና ኃላፊዎች ሆይ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። አንዲት ነርስ የእያንዳንዱን ሕፃን አረፋ መስማት የምትችለው የሕፃናቱ ቁጥር ሲመጠንላት ነው። እናትም ካንጋሮ የምትይዘው የምትተኛበት አልጋና የምትበላው ምግብ ሲኖራት ነው። ይህ የበጎ ፈቃድ ጉዳይ ሊሆን አይገባም፤ ሕክምናው ራሱ ነው።

የተመራቂዎች ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ከሌሊት ተራ ስትመለስ ዝም ብላ ከተቀመጠች ምን ሆንሽ እያላችሁ አታስጨንቋት። ቡና አፍሉላትና አጠገቧ ተቀመጡ። ስትፈልግ ትናገራለች።

ከዚያች እናት ጋር እስከ ዛሬ እንጠያየቃለን። በኋላ እግዚአብሔር ሌላ ልጅ ሰጥቷታል። ባለፈው ሳምንት ዛሬ እዚህ ለመናገር እንደተጋበዝኩ ስነግራት፣ «ለእኔም ተናገሪልኝ» አለች። «ጉንጩን ስለጠረገችልኝ፣ ስላላቻኮለችኝም አመሰግናለሁ በዪልኝ። ለእሷ ብቻ አይደለም፣ ለሁሉም።»

ይኸው ተናገርኩ። እጃችሁ ይባረክ።