ልጅ ፊት፣ አባት ኋላ
በረሆቮት ባቡር ጣቢያ ለአዲስ ገቢዎች የተሰጠ ንግግር (ከዕብራይስጥ የተተረጎመ)



ባቡሩ እስኪመጣ ጥቂት ደቂቃዎች ስላሉን ተቀምጠን እንነጋገር። ከዚህ ጣቢያ ወደ ሰሜን በሎድ በኩል ወደ ቴል አቪቭ፣ ወደ ደቡብ ደግሞ ወደ አሽዶድና ወደ አሽቀሎን ይኬዳል። ሰሌዳውን አንብቦ ይህን የነገራችሁ ማን ነው? ልጃችሁ ነው። ዛሬ ጠዋት ወደ ጣቢያው ስትገቡም ልጅ ፊት፣ አባት ኋላ ሆናችሁ ነው። ልነግራችሁ የፈለግሁት ስለዚሁ ጉዳይ ነው።

በአያቶቻችሁ ዘመን በጎንደር ገጠር ቤተሰብ ማለት ባል፣ ሚስትና ልጆች ብቻ አልነበረም። አያት፣ አጎት፣ አክስት፣ የወንድም ልጅ ሁሉ ተጠጋግቶ ይኖር ነበር። ጋብቻ ሰባት ቤት ተቆጥሮ በወላጆች ስምምነት ይፈጸማል፤ ባልና ሚስት ቢጣሉ ሽማግሌ ያስታርቃቸዋል። ወንዱ ያርሳል፣ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ይሸምናል፤ ሴቷ ሸክላ ትሠራለች። ልጅ ሥራን የሚማረው ከወላጆቹ ስለነበረ፣ በዕድሜ የበለጠ በዕውቀትም ይበልጥ ነበር።

ይህ ኑሮ የተለወጠው ቤን ጉሪዮን አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርሱ አይደለም። ብዙዎቻችሁ መሬታችሁን ትታችሁ በጎንደር ከተማ ወይም በአዲስ አበባ ለዓመታት ጠብቃችኋል። እዚያም የቤት ኪራይ መጣ፣ የቀን ሥራ መጣ፣ ዘመድ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ሆነ። ቤተሰባችሁ ገና ሳትሳፈሩ ሌላ መልክ ይዞ ነበር።

ይህችም አገር እንዲሁ ናት። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ረሆቮትን በ1890 የመሠረቱት ከፖላንድ የመጡ አይሁዶች ናቸው። በኋላ የመጡት የየመን አይሁዶች ሻዓራይም የተባለውን ሰፈር ሠሩ። በየመን አንድ ሰው ሁለት ሚስት ማግባት ይችል ነበር፤ እስራኤል ግን በ1951 በሴቶች እኩልነት ሕግ ከለከለች። በብዙ ኪቡጾች ደግሞ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር አያድሩም ነበር፤ ማታ ማታ ሁሉም በአንድ የልጆች ቤት ይተኙ ነበር። ይህን ስናገር የሚስቅ አይጠፋም፤ ግን እውነት ነው። ወላጆች ልጆቻቸውን እቤታቸው ማሳደር ፈለጉና ልማዱ እስከ 1990ዎቹ ድረስ ቀረ።

አሁን ወደ እናንተ ቤት ልመለስ። ቢቱዋሕ ለኡሚ የልጆችን አበል በየወሩ በ20ኛው ቀን እንደ ደንቡ በእናት የባንክ ሒሳብ ያስገባል። አባትን ለማሳነስ የተደረገ የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም፤ ለአገሩ ሰው ሁሉ ደንቡ ይኸው ነው። ባልና ሚስት ቀኑ ከመድረሱ በፊት ገንዘቡ ለምን እንደሚውል አብረው ቢመክሩ ብዙ ጠብ ይቀራል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የልጁ ነገር ነው። ሰሌዳ ቢያነብላችሁ ደግ ነው፤ አመስግኑት። የእናቱን ሕመም ለሐኪም፣ የአባቱን ዕዳ ለባንክ እንዲያስተረጉም ግን አታድርጉት። እናት በልጇ ፊት የማትናገረው ሕመም አለ። ልጁም ያፈረበትን ቃል ይዘለዋል፤ ሐኪሙም በጎደለ ወሬ መድኃኒት ያዝዛል። አባቱ ስንት ዕዳ እንዳለበት የሰማ ልጅ ደግሞ ሌሊት አይተኛም። ኩፓት ሆሊም ታካሚው በሚገባው ቋንቋ እንዲያስተናግድ ከ2013 ጀምሮ ግዴታ አለበት፤ ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ አማርኛ አስተርጓሚ እንደምትፈልጉ ተናገሩ። በትምህርት ቤትም መጋሸር ካለ እርሱን ጥሩት። አስተማሪው በልጁ ላይ ያቀረበውን ክስ ልጁ ራሱ ሲያስተረጉም ምን እንደሚል መቼም ታውቁታላችሁ!

ባቡሩ እየገባ ነው። የምንወርደው ሎድ ነው። ስሙ በዕብራይስጥ ሦስት ፊደል ነው፦ ላሜድ፣ ቫቭ፣ ዳሌት፤ በኡልፓን ተምራችኋቸዋል። ልጆች፣ እባካችሁ ዛሬ ዝም በሉ። አባቶችና እናቶች ጣቢያውን ራሳችሁ አንብባችሁ ትነግሩናላችሁ። ራቭ ቃቩንም በእጃችሁ ያዙ፤ መውጫው በር ላይ እናንተ ታስነኩታላችሁ።