ማስታወቂያው ለማን ይደርሳል?

በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ወ/ሮ ዓለሚቱ ኡሞድ የጋምቤላ ክልል ርዕሰ መስተዳድር ሆኑ፤ ክልሉን በመምራት የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። የሁለት የሬዲዮ አቅራቢዎች ወግ የተነሳውም ከዚሁ ነው።

«ትልቁ በር ተከፈተ» አለ ወንዱ አቅራቢ።

«የክልሉማ ተከፈተ» አለችው ባልደረባው። «የጎግ ወረዳ መቀመጫ ፑኝዶስ? የቅጥር ማስታወቂያ ቢሮ ግድግዳ ላይ ብቻ ከተለጠፈ፣ ውኃና እንጨት ስታመላልስ የምትውል ሴት ሳታየው የምዝገባው ቀን ያልፋል።»

እሱ ሕጉን አስታወሳት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ሴቶች የወረሱትን የበታችነት ታሪክ ለማስተካከል የድጋፍ እርምጃ ተጠቃሚ እንዲሆኑ መብት ይሰጣቸዋል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064ም የወሊድ ፈቃድን 120 ቀን አደረሰ፤ በየመሥሪያ ቤቱ የሕፃናት ማቆያ እንዲኖርም አዘዘ።

ለእሷ ከሁሉም የሚበልጠው ማቆያው ነበር። እውነቷን ነው፤ ፈቃዱ ሲያልቅ ልጁን የምታስቀምጥበት ያጣች እናት ሥራዋን ትለቃለች፤ የዓመታት ልምዷም አብሯት ይሄዳል።

«ማስታወቂያው በአኙዋክኛና በኑዌርኛ በሬዲዮ ይነገር» አለች።

«የቅጥር ኮሚቴው ውስጥስ ስንት ሴቶች አሉ?» ሲል ጨመረ፤ የሚቀጥለው ሳምንት እንግዳቸው እንዲመልሰው።