አደራና ርክክብ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ የሥራ ርክክብ ነው። ይሁን እንጂ ምሳሌዬን የማመጣው ከግድብ ወይም ከድልድይ ሳይሆን ከገዛ ግቢዬ፣ ከአንድ ውሻ ነው። ነገሩ የሚያስቅ ቢመስልም እስከ ፍጻሜው እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመንገድ ቅየሳ ለሦስት ሳምንት ወደ ቆላ ስወርድ፣ ውሻዬን ለሽማግሌው ዘበኛችን አደራ ሰጠሁ። መመሪያዬ አንዲት ቃል ነበረች፤ «ያብሉልኝ» አልኋቸው። ታማኝ ሰው ናቸውና አበሉ። ወቅቱ በዓል ስለ ነበር የዶሮ ወጥ ትራፊ ከነአጥንቱ አቀረቡለት። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት እንደሚጎዳ፣ የበሰለ የዶሮ አጥንትም እየተሰነጠረ አንጀት ሊወጋ እንደሚችል እኔ አውቅ ነበር፤ ለርሳቸው ግን አልነገርኋቸውም። ውሻው ታመመ። በሕመሙ ላይ ሳለ ሊዳብሰው የቀረበውን የጎረቤት ልጅ ነከሰ። ሐኪሙ የውሻውን የክትባት ማስረጃ ጠየቀ። ማስረጃው እኔ በቆለፍሁት መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ እኔም ስልክ ከማይደርስበት ስፍራ ነበርሁ።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ሉዊ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የሰጠው ክትባት የሚያድነው ከምልክቱ ከቀደመ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ሳይጠብቅ መርፌውን ጀመረ። ልጁ ደኅና ነው፤ ውሻውም ዳነ። የልጁ እናት ግን እኔ እስክመለስ እንቅልፍ አላዩም።

ተመልሼ ዘበኛውን ልወቅስ ብል፣ «ልጄ፣ ማብላቱን ነገርኸኝ እንጂ የማይበላውን መች ነገርኸኝ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። አደራ በላ የሚባለው ተቀባዩ ነው፤ በዚያ ቀን ግን ጥፋቱ የሰጪው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከጉዞ በፊት አንድ ገጽ እጽፋለሁ። የምግቡ ዓይነትና መጠን፣ የተከለከለው ምግብ፣ ውሻው የሚፈራው ነገር፣ የእንስሳት ሐኪሙ ስልክ፣ እኔ ባልገኝ የሚወስነው ሰው ማንነት ይሰፍርበታል። የክትባቱ ማስረጃና ለሕክምና የሚሆን ገንዘብ አብረው ይቀመጣሉ። ንክሻ ቢደርስ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ወደ ሐኪም መሄድ እንደሚገባም ተጽፏል። ጽሑፉን አነብላቸዋለሁ፤ እርሳቸውም መልሰው ይነግሩኛል። ከመሄዴ ሁለት ቀን አስቀድሞ፣ እኔ እያየሁ እርሳቸው ያበላሉ። ያን ጊዜ የረሳሁት ነገር ይገለጣል፤ ጥያቄያቸውም ከኔ ጽሑፍ የተሻለ ሆኖ ያገኘሁበት ጊዜ አለ።

ባልደረቦቼ ሆይ፣ የሥራ ቦታችንን ለተተኪ ስናስረክብም እንዲሁ ነው። ለረጅም ጊዜ የኖርንበትን ነገር ሌላው ሁሉ የሚያውቀው ይመስለናል። ቁልፍ መስጠት ርክክብ አይደለም፤ ተረካቢው የሰማውን በራሱ አንደበት ሲመልስልን ርክክቡ ተፈጸመ እንላለን።