አሮጌ ቀፎ፣ አዲስ ኃይል
ስለ ታላላቅ መርከቦች ጥገና፣ እድሳትና ለውጥ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




ስለ ምሕንድስና ሲነገር ዘወትር የሚወደሰው አዲስ ነገር መሥራት ነው። የመሠረት ድንጋይ ሲጣል እንግዳ ይጠራል፤ ሥራው ሲመረቅም ሪባን ይቆረጣል። ከሃያ ዓመት በኋላ ያንኑ ሥራ ፈትቶና መርምሮ፣ የደከመውን አውጥቶ፣ የሚረባውን አጽንቶ፣ ለሌላ ሃያ ዓመት አገልግሎት የሚያበቃው ባለሙያ ግን ስሙ እምብዛም አይነሣም። ዛሬ ልናገርለት የመረጥኩት ይህንን ሁለተኛውን ባለሙያ ነው። ለምሳሌነትም ጉዳዩን ጎላ አድርጎ የሚያሳየውን፣ በንግድ የመርከብ ማደሻዎች የሚከናወነውን የታላላቅ መርከቦች ጥገናና ለውጥ ወስጃለሁ።

የንግግሬ ፍሬ ነገር አጭር ነው። በእድሳት ሥራ ገንዘብም ሆነ የሰው ሕይወት የሚድነው ወይም የሚጠፋው፣ በአብዛኛው፣ የመጀመሪያው ብረት ከመቆረጡ በፊት በሚደረገው ምርመራና ውሳኔ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ አስታውሳለሁ።

ሀ. ደረቅ ዶክና የተለመደው ጥገና

መርከብ ከውኃ በታች ያለው አካሏ በጉዞ ላይ ሳለች ለዓይን አይታይም። ስለሆነም በዓለም አቀፍ ደንብ መሠረት አንዲት የጭነት መርከብ በአምስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ ሁለት ጊዜ የታችኛው አካሏ እንዲመረመር ትገደዳለች። ለዚህም ወደ ደረቅ ዶክ ትገባለች። ደረቅ ዶክ ማለት አንድ በኩሉ ወደ ባሕር የሚከፈት በር ያለው ግዙፍ ገንዳ ሲሆን፣ መርከቧ ከገባች በኋላ በሩ ተዘግቶ ውኃው በፓምፕ ይመጠጣል፤ መርከቧም አስቀድሞ በተደረደሩ ጉማጆች ላይ ታርፋለች።

ይህ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን መርከቧ በውኃ ላይ ተንሳፋፊ መሆኗ አብቅቶ በጉማጆቹ ላይ ሙሉ በሙሉ እስክታርፍ ድረስ ያለው ጊዜ አሳሳቢ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ጉማጁን የሚነካው የኋላዋ ጫፍ ነው። በዚያች ሰዓት ጉማጁ ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል የመርከቧን ሚዛን ይቀንሰዋል፤ ሒሳቡ አስቀድሞ በጥንቃቄ ካልተሠራ መርከቧ ልታዘነብል ትችላለች። ጉማጆቹም ቢሆኑ በዘፈቀደ አይደረደሩም። የመርከቧ ጠንካራ ዐጥንቶች ከሚያልፉበት መስመር ሥር እንዲውሉ፣ ከመርከቧ ጋር በሚመጣ ንድፍ መሠረት ይቀመጣሉ።

ውኃው ከወረደ በኋላ ሥራው ይጀመራል። በቀፎዋ ላይ የተጣበቀው የባሕር ዛጎልና አልጌ ይታጠባል፤ ይህ ካልተወገደ መርከቧ ውኃውን ለመሰንጠቅ የምታቃጥለው ነዳጅ እጅግ ይጨምራልና። የዛገው ተፍቆ በአዲስ ቀለም ይሸፈናል። ቀፎውን ከዝገት ለማዳን ራሳቸው እየተበሉ የሚያልቁት የዚንክ ቁርጥራጮች ይለወጣሉ። የባሕር ውኃ የሚያስገቡት ቫልቮች ይፈታሉ፤ የመሪው መጋጠሚያና የፕሮፔለሩ ዘንግ ምን ያህል እንደላሉ ይለካል። የላሜራው ውፍረት በድምፅ ሞገድ በሚሠራ መለኪያ በየቦታው ይመረመራል፤ ከተፈቀደው በታች የሳሳው ሁሉ ተቆርጦ ይወጣና በምትኩ አዲስ ይበየዳል።

በመርከቧ ባለቤትና በማደሻው መካከል ክርክር የሚነሣውም ብዙውን ጊዜ በዚህ ላይ ነው። ውሉ ሲፈረም የሚታወቀው የሥራ ዝርዝር አንድ ነው፤ ቀለሙ ከተፋቀ በኋላ የሚታየው ሌላ ነው። መርከቧ በዶክ ውስጥ በቆየች ቁጥር ባለቤቱ በየቀኑ ገቢ ያጣል፤ ማደሻውም ቀጣይዋን መርከብ ለማስገባት ቀን ቆርጧል። ስለዚህ ልምድ ያለው ባለቤት ላሜራውን የሚያስለካው መርከቧ ዶክ ከመግባቷ አስቀድሞ፣ ገና በአገልግሎት ላይ ሳለች ነው። ለምርመራው የሚከፍለው ገንዘብ በኋላ ከሚከፍለው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

ለ. በተዘጋ ታንክ ውስጥ ያለው አደጋ

ምርመራ ሲጎድል የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም። በጥቅምት 12 ቀን 1978 በሲንጋፖር በጁሮንግ የመርከብ ማደሻ ውስጥ በጥገና ላይ የነበረችው ስፒሮስ የተባለች የግሪክ ነዳጅ ጫኝ መርከብ ፈንድታ 76 ሰዎች ሞተዋል። በማጣራቱ ሥራ እንደታወቀው፣ ፍንዳታው የተነሣው በብረት መቁረጫ ነበልባል ምክንያት ነው። የፈነዳው ታንክ የመርከቧ የራሷ ሞተር ነዳጅ የሚቀመጥበት ነበር። እንዲህ ያለው ነዳጅ በቀላሉ የማይቀጣጠል ስለሆነ ታንኩ ያን ያህል አስጊ ነው ተብሎ አልታሰበም። በውስጡ ያለው ነዳጅ ግን በቀላሉ ጋዝ ከሚያወጣ ድፍድፍ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ነበር።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። በያጆቹና ቆራጮቹ የተሰጣቸውን ሥራ ይሠሩ ነበር። የሞቱት ሌላ ሰው በታንኩ ስም ላይ በመተማመኑ እንጂ በታንኩ ውስጥ ያለውን ባለመለካቱ ነው። በዛሬው ጊዜ በሥርዓቱ በሚሠራ ማደሻ ውስጥ አንድ ታንክ በመሣሪያ ተለክቶ ከጋዝ ነፃ መሆኑ በጽሑፍ ሳይረጋገጥ እሳት አይቀርበውም፤ የምስክር ወረቀቱም የሚያገለግለው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው። ያ ወረቀት ለሰነፍ ዓይን የቢሮክራሲ ጣጣ ይመስላል።

ሐ. የኩዊን ኤልዛቤት 2 ለውጥ

አሁን ከተለመደው ጥገና ወደ ትልቁ ለውጥ ልሸጋገር። ኩዊን ኤልዛቤት 2 የተባለችው የመንገደኞች መርከብ በስኮትላንድ በክላይድባንክ ተሠርታ በ1967 ውኃ ላይ ወረደች፤ በ1969ም ሥራ ጀመረች። ርዝመቷ 293 ሜትር ያህል ሲሆን፣ የምትንቀሳቀሰው 110,000 የፈረስ ጉልበት ባላቸው የእንፋሎት ተርባይኖች ነበር። ንድፏ ሲወጣ ነዳጅ ርካሽ ነበር። ከ1973 በኋላ የነዳጅ ዋጋ ሲንር ግን ያ ኃይል ለባለቤቱ ለኩናርድ ኩባንያ ሸክም ሆነ፤ የእንፋሎት መሣሪያዎቹም እያረጁ ሄዱ።

ኩባንያው ሦስት መንገድ ነበረው፤ መርከቧን መሸጥ፣ አዲስ ማሠራት፣ ወይም ያለችውን መለወጥ። ውሳኔው የተመሠረተው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ቀፎው ደኅና ነውን? ቀፎው ደኅና ሆኖ ተገኘ። ያረጀው ልቧ ነበር። ሥራው በጀርመን ብሬመርሃፈን ለሚገኘው ለሎይድ ቬርፍት ተሰጠ፤ መርከቧም በጥቅምት 1986 ገባች። ለሥራው የተፈቀደው ጊዜ ስድስት ወር የማይሞላ 179 ቀን ሲሆን፣ ወጪው ከ100 ሚሊዮን የእንግሊዝ ፓውንድ በላይ ነበር።

አንድን ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ አስቡ፤ ጣሪያውና ግድግዳው ሳይነካ ከምድር ቤቱ ውስጥ ያለው መሣሪያ ሁሉ መውጣት አለበት እንበል። ማደሻው የመረጠው በር የጢስ ማውጫውን ነበር። እርሱ ከተነሣ በኋላ ከሥሩ እስከ መርከቧ ሆድ የሚደርሰው ጉድጓድ የአሮጌው መውጫ፣ የአዲሱም መግቢያ ሆነ። ቦይለሮችና ተርባይኖች፣ ቱቦዎችም ጭምር፣ በሺህ በሚቆጠር ቶን እየተቆራረጡ ወጡ። በምትካቸው እያንዳንዳቸው ወደ 120 ቶን የሚመዝኑ፣ የባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ያህል ግዝፈት ያላቸው ዘጠኝ የናፍጣ ሞተሮች ወረዱ።

እነዚህ ሞተሮች ከፕሮፔለሩ ዘንግ ጋር አልተያያዙም። የሚያመነጩት ኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪኩም በሁለቱ ዘንጎች ላይ የተተከሉትን፣ እያንዳንዳቸው 44 ሜጋ ዋት ኃይልና ከ400 ቶን በላይ ክብደት ያላቸውን ሁለት ሞተሮች ያሽከረክራል። ጥቅሙ ብዙ ነው። መርከቧ ቀስ ብላ ስትጓዝ ከዘጠኙ ጥቂቶቹን ማጥፋት ይቻላል፤ አንዱ ሲበላሽ ጉዞ ሳይቋረጥ ይጠገናል፤ ለመብራትና ለማቀዝቀዣ የሚያስፈልገውም ኃይል ከዚያው ምንጭ ይገኛል። የናፍጣ ሞተር የሚያመጣው ንዝረት መንገደኛውን እንዳያውክ ሞተሮቹ ንዝረት በሚውጡ መቆሚያዎች ላይ ተቀመጡ። ዘጠኝ የጢስ ቱቦዎች ማሳለፍ ስላለበት አዲሱ የጢስ ማውጫ ከቀድሞው ሰፊ ሆነ። መርከቧን ከ1987 በፊትና በኋላ በተነሡ ፎቶግራፎች የሚለያት ሰው የሚለያት በዚሁ ነው።

ውጤቱስ? የነዳጅ ፍጆታዋ በ35 በመቶ ያህል ቀነሰ። በእንፋሎት የሠራችው 17 ዓመት ሲሆን፣ በአዲሱ ኃይሏ ግን እስከ ኅዳር 2008 ድረስ 21 ዓመት ሠርታለች። ከተሰጣት ከመጀመሪያው ዕድሜ የጥገና ባለሙያዎች የሰጧት ዕድሜ በለጠ ማለት ነው። በዱባይ የሚኖሩ ወገኖቻችን ዛሬም በራሺድ ወደብ ሊያዩዋት ይችላሉ፤ ከ2018 ጀምሮ በዚያ ሆቴል ሆና ታገለግላለች።

ሁሉም ነገር ግን እንደታሰበው አልሆነም። ከፕሮፔለሮቹ በስተኋላ፣ ከሚባክነው ውኃ ኃይል እንዲመልሱ የታሰቡ፣ በጀርመናዊው ፕሮፌሰር ግሪም ስም የሚጠሩ ተሽከርካሪ ጎማዎች ተተክለው ነበር። ቅጠሎቻቸው በባሕር ሙከራ ላይ ተሰባብረው ስለተገኙ እንዲወገዱ ተደረገ። ዋናው ሥራ በእነርሱ ላይ የተመካ ባለመሆኑ ግን መርከቧ ያለእነርሱ ሠራች። አዲስ ሙከራ በእድሳት ሥራ ውስጥ ቢገባ አይከፋም፤ ቢወድቅ ሁሉን ይዞ በማይወድቅበት ቦታ መግባቱ ግን ብልህነት ነው።

መ. የማስረከቢያው ቀን

መርከቧ በሚያዝያ 1987 ስትረከብ ሞተሮቹ ዝግጁ ነበሩ፤ የመኝታ ክፍሎቹ ሥራ ግን አላለቀም ነበር። በመጀመሪያው ጉዞ ሠራተኞች ከመንገደኞች ጋር አብረው ተሳፈሩ፤ ቅሬታም ተነሣ። ይህ በቂ ትምህርት መሆን ሲገባው በ1994 መጨረሻ፣ በሐምቡርግ ከተደረገላት የውስጥ እድሳት በኋላ፣ ነገሩ ከቀድሞው በከፋ ሁኔታ ተደገመ። ቲኬት የተሸጠበት የገና ጉዞ ቀን ስለደረሰ ቧንቧውና መታጠቢያው ሳያልቅ ተጓዘች፤ ኩባንያውም ለመንገደኞቹ ካሣ ለመክፈል ተገደደ።

ከባዱ የምሕንድስና ሥራ ተሳክቶ ቀላል የሚመስለው የቧንቧና የምንጣፍ ሥራ የወደቀው ለምንድን ነው? ለዘጠኙ ሞተሮች አስቀድሞ እያንዳንዱ ቱቦ ተነድፎ ነበር። መኝታ ክፍሎቹን በሚመለከት ግን ሥራው በመቶ በሚቆጠሩ ትናንሽ ክፍሎች የተበተነ ነው፤ ከአሮጌ ግድግዳ ኋላ ያለውም ግድግዳው እስኪነሣ ድረስ አይታወቅም። የማስረከቢያው ቀን የሚቆረጠው ደግሞ በሽያጭ ክፍል ነው። ባለሙያው ያልተመረመረውን ሥራ በቁርጥ ቀን እጨርሳለሁ ብሎ ሲፈርም፣ ራሱ በማያውቀው ነገር ዋስ ሆነ ማለት ነው።

ሠ. ማራዘምና ማሰናበት

መርከብን በመሃል ቆርጦ አዲስ አካል በመጨመር ማስረዘምም የተለመደ ነው። በ2005 በሮተርዳም ኤንቻንትመንት ኦፍ ዘ ሲስ የተባለችው መርከብ ለሁለት ተከፍላ፣ በፊንላንድ ተሠርቶ የመጣ 22 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አዲስ ክፍል በመሃሏ ገብቷል። መርከብ በማዕበል ላይ እንደ ምሰሶ ትተጣጠፋለች፤ ርዝመቷ ሲጨምር በመሃሏ ላይ የሚያርፈው የመተጣጠፍ ኃይልም ይጨምራል። ስለዚህ አዲሱን ክፍል መበየድ ብቻውን አይበቃም፤ የአሮጌው ቀፎም ወለልና መርገጫ መጠንከር አለበት። አዲሱን የጨመረ ሰው አሮጌውን እንደገና ማስላት ግዴታው ነው።

መርማሪው በቅንነት ከሠራ አንዳንድ ጊዜ መልሱ «ይህች መርከብ መታደስ የለባትም» የሚል ይሆናል። ይህም ራሱን የቻለ የሙያ ሥራ ነው። በሰኔ 2025 በሥራ ላይ የዋለው የሆንግ ኮንግ ስምምነት፣ መርከብ ስትፈርስ በውስጧ ያሉት አደገኛ ነገሮች በዝርዝር ተመዝግበው እንዲገኙ ያዛል። ምርመራው እስከ መጨረሻዋ ቀን አብሯት ይሄዳል ማለት ነው።

ረ. ይህ ለእኛ ምን ይነግረናል?

አገራችን ዛሬ የባሕር በር የላትም፤ የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ የሚያውለበልቡ የንግድ መርከቦች ግን አሏት። እነዚህ መርከቦች ለጥገና የሚገቡት በውጭ አገር ዶክ፣ የሚከፈለውም በውጭ ምንዛሪ ነው። ስለዚህ የራሳችን መሐንዲሶች ከዶኩ በፊት የሥራ ዝርዝሩን በሚገባ ማዘጋጀታቸው፣ በዶኩም ውስጥ ለቀረበው ተጨማሪ ሥራ «ይገባል» ወይም «አይገባም» ለማለት መቻላቸው ለአገር የሚተርፍ ሀብት ነው። በአየር መንገዳችንም ከእስራኤል ኤሮስፔስ ኢንዱስትሪስ ጋር በመተባበር የመንገደኛ ቦይንግ 767 አውሮፕላኖችን ወደ ጭነት ማመላለሻነት የመለወጥ ሥራ በአዲስ አበባ ተጀምሯል። የአውሮፕላንን ጎን ቀዶ ትልቅ የጭነት በር መክፈትና ወለሉን ማጠንከር፣ ከላይ ስለ መርከብ ቀፎ ካነሣሁት ጋር አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው።

ከባሕርና ከአየር ውጭ የምንሠራ ደግሞ ድልድይ፣ ግድብ፣ ፋብሪካና ሕንፃ በእጃችን አሉ። በጀት ሲጠብ በቅድሚያ የሚቆረጠው የምርመራ ወጪ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ምርመራ የሚታይ ነገር አይሠራም፤ አይመረቅምም። ሆኖም የትኛው ላሜራ ይቆይ፣ የትኛውስ ይውጣ የሚለውን ያለ እርሱ የሚወስን ሰው በዕድል ላይ ይሠራል። ስለሆነም ማኅበራችን በሚያወጣቸው የሙያ መመሪያዎች ውስጥ፣ ማንኛውም ከፍ ያለ የእድሳት ሥራ ውል ከመፈረሙ በፊት ራሱን የቻለ ምርመራ ተደርጎ ውጤቱ በጽሑፍ እንዲቀርብ የሚጠይቅ አንቀጽ እንዲገባ፣ ለዚህ ጉባኤ ሐሳብ አቀርባለሁ።