ለሀገር ብላችሁ አታንብቡ፤ ደስ እንዲላችሁ አንብቡ

(በንቅናቄያችን የወጣቶች የንባብ ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር። ብዙዎቻችሁ "በጽሑፍ ይለቀቅልን" ስላላችሁ እነሆ።)



"የንባብ ባህላችን ሞቷል" የሚል ንግግር ስንቴ ሰምታችኋል? እኔ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። ተናጋሪው ይነሳል፣ ይወቅሰናል፣ እናጨበጭባለን። ከዚያ ወደ ቤት ስንሄድ ታክሲ ውስጥ ስልካችንን አውጥተን ቲክቶክ እንከፍታለን። ወቀሳ ማንንም መጽሐፍ አስገልጦ አያውቅም። ስለዚህ ዛሬ ወቀሳ የለም፣ ወሬ ነው የምናወራው። የሚጥም መጽሐፍ እንዴት ይገኛል? እሱን ነው የምናወራው።

ርዕሴን ያየ ሰው "ይሄ ልጅ የሀገር ወዳዶች መድረክ ላይ ቆሞ እንዴት ለሀገር ብላችሁ አታንብቡ ይላል?" ሊል ይችላል። ታገሱኝ፣ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ወደ መቅደላ ልውሰዳችሁ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲዘርፍ ከወርቁና ከዘውዱ ጋር መጻሕፍትም ጭኖ ሄዷል። አጤ ቴዎድሮስ እዚያ ሊያሠሩት ላሰቡት ቤተ ክርስቲያን ያሰባሰቧቸው ብራናዎች ነበሩ። ከነዚያ ውስጥ 350 ገደማ የሚሆኑት ዛሬም ለንደን ውስጥ፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። በየጊዜው "ይመለሱልን!" ብለን እንጽፋለን። ይመለሱ! እኔም እጽፋለሁ። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ለንደን ላለው መጽሐፍ ይህን ያህል የምንቆጭ ሰዎች፣ አራት ኪሎ አስፋልት ዳር ላስቲክ ላይ ለተዘረጋው መጽሐፍ ስንቴ ጎንበስ ብለናል?

እዚሁ ገጻችን ላይ የምናየውን እናውራ። የቴዎድሮስ ምስል ይለጠፋል፣ ከሥሩ ጥቅስ አለ፣ ወዲያው ሼር በሼር ይሆናል። "ጥቅሱ ከየት የተገኘ ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ታሪኩን በስክሪንሾት ብቻ የሚያውቅ ወጣት፣ ማንም ማይክ የጨበጠ ሰው እንደፈለገ የሚነዳው ወጣት ነው። ዛሬ "የጀግና ልጅ ነህ" ብሎ ያስጨፍረዋል፣ ነገ "ያኛው ጠላትህ ነው፣ ውጣ!" ይለዋል። እዚህ ሀገር ላይ "ውጣ" ሲባል የሚወጣው የማን ልጅ እንደሆነ፣ ቤቱ የሚቀረውም የማን ልጅ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ታዲያ መፍትሔው "በግድ አንብቡ" ነው? አይደለም። በግድ ስናነብ ነው እኮ የኖርነው! ከሞጁል ወደ ሃንድአውት፣ ከሃንድአውት ወደ ፈተና። ጋዋኑን ለብሰን ፎቶ የተነሳን ቀን ከመጽሐፍ ጋር ተፋታን። በግድ የሆነ ነገር መጨረሻው ይሄው ነው። መጽሐፍ የሚነበበው ሲጥም ነው። የሚጥም ደግሞ ሞልቷል። ችግሩ መጽሐፍ ምረጡልኝ ስንል የሚመክረን ሰው ከከባዱ መጀመሩ ነው። ሕፃን ልጅ በጥሬ ሥጋ ጡት ይጥላል እንዴ?

ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው፦ ከምትወዱት ጀምሩ። ማንበብ "አለብኝ" ብላችሁ ከምታስቡት ሳይሆን፣ አሁን ከምታዩትና ከምትሰሙት።

የስለላ ፊልም እስኪነጋ የምታዩ ልጆች አላችሁ አይደል? ለእናንተ የበዓሉ ግርማ "ኦሮማይ" አለላችሁ። አስመራ፣ ጦርነት፣ ሰላዮች፣ ፍቅር፣ መሐል ላይ ደግሞ ህሊናው የሚያስጨንቀው ጋዜጠኛ። በ1975 ዓ.ም. ታተመ፣ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ፣ በ1976 ዓ.ም. የካቲት ወር ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። የስለላ ልብ ወለድ ልታነቡ ገብታችሁ፣ አንድ ሰው እውነት ለመጻፍ የከፈለውን ዋጋ ይዛችሁ ትወጣላችሁ።

የፍቅር ታሪክ የምትወዱ፣ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ስሙን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስንቶቻችሁ ጨርሳችሁታል? ውፍረቱ ካስፈራችሁ በጆሯችሁ ጀምሩ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው ዛሬም በስልክ ይሰማል። ሻይ እያፈላችሁ፣ ልብስ እያጠባችሁ ስሙት። በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን በድምፅ ከተዋወቃችኋቸው በኋላ መጽሐፉ ራሱ ይጠራችኋል።

መሳቅ የምትወዱ፣ የመስፍን ሀብተማርያምን "የቡና ቤት ሥዕሎች" ፈልጉ። ወግ ነው፣ አጫጭር ነው፣ አንዱን ለመጨረስ ታክሲ ሰልፍ ላይ የምትቆሙበት ሰዓት ይበቃል። የዛሬ ዘመን ቀልድ የምትፈልጉ ደግሞ የበዕውቀቱ ስዩምን "ከአሜን ባሻገር" ያዙ። "እሱማ እንዲህ ብሎናል" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። በጻፈው ተናደዱ፣ መብታችሁ ነው፤ ግን አንብባችሁ ተናደዱ።

ጀብዱ የምትወዱ፣ ልብ ወለድ ብቻ ነው የሚያዝናና ያላችሁ ማነው? የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን "ኦቶባዮግራፊ" ክፈቱ። ገና ልጅ ሆኖ ከራስ መኮንን ሠራዊት ጋር ዓድዋ ይዘምታል። ከዚያ ሩሲያ ይሄዳል፣ የመድፈኛ ትምህርት ይማራል፣ ሲመለስ ሀገሩን በሁለት ዓይን ያያል። በኋላ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቀው፣ ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆሞ የተከራከረልንም እሱ ነው። ይሄን ሁሉ አንድ ሰው ኖሮታል። ፊልም ቢሆን "ተጋነነ" እንል ነበር።

"እኔ ትዕግሥት የለኝም፣ አጭር ነገር ስጠኝ" ካላችሁ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ "ጦቢያ" አለ። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመ፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። ወንድ መስላ የምትጓዝ ልጅ ታሪክ ነው። ቋንቋው መጀመሪያ ያንገራግጫል፣ ግን ቀጭን መጽሐፍ ነው።

ሁለተኛው ነገር፦ አንድ ልብ ወለድ ስትጨርሱ ጎረቤቱን ፈልጉ። ጎረቤት ያልኩት ስለዚያው ዘመን፣ ስለዚያው ቦታ ወይም በዚያው ሰው የተጻፈ እውነተኛ ታሪክ ነው። ልብ ወለዱ ሰዎቹን ያስተዋውቃችኋል፣ ታሪኩ ደግሞ መሬቱን ያሳያችኋል። "ኦሮማይ"ን ከጨረሳችሁ "ይሄ ሁሉ ጣጣ ከየት መጣ?" ማለታችሁ አይቀርም። ያን ጊዜ የዘውዴ ረታ "የኤርትራ ጉዳይ" አለላችሁ። መጀመሪያ ቢሰጧችሁ የምትሸሹት ወፍራም የዲፕሎማሲ መጽሐፍ፣ ከ"ኦሮማይ" በኋላ ምራቅ ያስውጣል። "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ከወደዳችሁ፣ ሐዲስ ዓለማየሁ "ትዝታ" የሚል መጽሐፍ አላቸው። ያን የፍቅር ታሪክ የጻፉት ሰውዬ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከራስ እምሩ ጋር የዘመቱ፣ ተማርከው ጣሊያን ሀገር የታሰሩ አርበኛ ናቸው። ይሄን ስታውቁ ልብ ወለዱን እንደ አዲስ ታነቡታላችሁ።

ሦስተኛው ለኛ ለንቅናቄ ልጆች ከሁሉም የሚያስፈልገን ነው። ርዕሴ ላይ "ለሀገር ብላችሁ አታንብቡ" ያልኩትም ለዚህ ነው። "ለሀገር ብዬ ነው የማነበው" የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጽሐፍ የሚከፍተው ጥይት ሊለቅም ነው። ነገ ኮሜንት ላይ የሚተኩሰውን ይፈልጋል። የሚስማማውን ያሰምርበታል፣ የማይስማማውን ይዘለዋል። ደስ ብሎት የሚያነብ ሰው ግን መጽሐፉ ወደወሰደው ይሄዳል።

ምሳሌ ልስጣችሁ። "ያለፈው ዘመናችን ሁሉ ክብር ነበር" የሚል ልጅ "ፍቅር እስከ መቃብር"ን ለፍቅሩ ብሎ ይጀምራል። መሐል ላይ ፊታውራሪ መሸሻን ያገኛል፣ ከደንቡ ውጪ ገብሩ የተባሉትን ገበሬዎች ያገኛል፣ ሥርዓቱን ፊት ለፊት የሚናገረውን ጉዱ ካሳን ያገኛል። ያን ሁሉ የጻፈው ጠላት አይደለም፣ ጎጃሜው አርበኛ ነው። ልጁ መጽሐፉን ሲዘጋ ሀገሩን መውደድ አይተውም። የሚወዳት ግን ፖስተር ላይ ያለችዋን ሳይሆን እውነተኛዋን ይሆናል።

ሌላም አለ። "ያ ትውልድ አንባቢ ነበር፣ እኛ ግን ባዶ ነን" ይሉናል። እውነት ነው፣ የስልሳዎቹ ወጣቶች ያነቡ ነበር። ግን አንባቢዎቹ ናቸው ጎራ ለይተው የተላለቁት። ታዲያ ማንበባቸው ለምን አላዳናቸውም? መልሱን ከኔ አትስሙ፣ ከራሳቸው ስሙ። ከኢሕአፓ ወገን የክፍሉ ታደሰ "ያ ትውልድ" አለ። ከመኢሶን ወገን የአንዳርጋቸው አሰግድ "ባጭር የተቀጨ ረጅም ጉዞ" አለ። ከደርግ ወገን የፍስሐ ደስታ "አብዮቱና ትዝታዬ" አለ። አንዱን ብቻ ካነበባችሁ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ እርግጠኛ ትሆናላችሁ። ሁለተኛውን ስትጨምሩ እርግጠኝነታችሁ ይነቃነቃል። ሦስተኛውን ስትጨርሱ ዝም ትላላችሁ። ፖለቲካው ከከበዳችሁ ደግሞ ከብርሃኑ ዘሪሁን "ማዕበል" ጀምሩ፣ ከወሎ ረሃብ ተነስቶ ወደ አብዮቱ ይወስዳችኋል። ሁሉም ሀገሬን እወዳለሁ ሲል ነበር። እኛም እንላለን። ከነሱ የምንለየው በምንድነው? እስቲ አስቡበት።

አሁን ወደ ኪሳችን እንምጣ። "መጽሐፍ ተወደደ" የሚል ሰው ውሸት አልተናገረም። ሥራ ለሚፈልግ ሰው የአንድ መጽሐፍ ዋጋ የስንት ቀን ታክሲ እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ። ግን መላ አለው። አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጡ ልጆች ጋር ተዋወቁ፤ አንብባችሁ ስትመልሱ ጥቂት ጨምራችሁ ሌላ የሚቀይሩላችሁ አሉ። አዲስ አበባ ያላችሁ ወመዘክር አለላችሁ፣ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። ክፍለ ሀገር ያላችሁ የከተማችሁን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በር አንኳኩ፣ አቧራም ቢሆን ውስጡ መጽሐፍ አይጠፋም። አምስት ሆናችሁ አንድ መጽሐፍ ግዙና ተዋዋሱ። ቴሌግራም ላይ ስለሚዞረው ፒዲኤፍ ግን አንድ ነገር ልበል። ደራሲው በሕይወት ያለ፣ መጽሐፉም ገበያ ላይ ያለ ከሆነ አታሰራጩት። "የሀገር ልጅ ይደገፍ" እያልን የሀገር ልጅ ላቡን መስረቅ አብሮ አይሄድም።

ደግሞ እኔ የምጠቀምባትን አንዲት ሕግ ልስጣችሁ፦ 30 ገጽ። ለማንኛውም መጽሐፍ 30 ገጽ ስጡት። ካልያዛችሁ ዝጉትና ሌላ ክፈቱ። መጽሐፍ መሐል ላይ ማቆም ነውር አይደለም፣ ፖሊስ አይመጣም። ዛሬ ያልጣመ መጽሐፍ ከሁለት ዓመት በኋላ ሊጥም ይችላል። ስልኩንም ለዚያች 30 ገጽ ሌላ ክፍል አስቀምጡት። አጠገባችሁ ካለ ያሸንፋችኋል፣ አትሟገቱት።

ከመውረዴ በፊት ስለ አንድ ሰው ልንገራችሁ። "ነገም ሌላ ቀን ነው" የሚለውን ትርጉም ታውቁት ይሆናል፣ አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚሼል የጻፈችው ትልቅ ልብ ወለድ ነው። ወደ አማርኛ የመለሰው ገጣሚው ነቢይ መኮንን ነው። የተረጎመው የት እንደሆነ ታውቃላችሁ? በደርግ ዘመን፣ ማዕከላዊ እስር ቤት ውስጥ፣ የሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ እየጻፈ። ነገ ምን እንደሚደርስበት የማያውቅ ወጣት፣ ስለ ሩቅ ሀገር ጦርነትና ፍቅር የሚያወራ መጽሐፍ በቁርጥራጭ ወረቀት ላይ ወደ ቋንቋው አመጣ። ግዴታ ሆኖበት ነው? እንዲህ ያለ ነገር በግዴታ አይሠራም። ሰው በታሰረበት ቦታ እንኳን መጽሐፍ ካጣጣመ፣ እኛ እጃችን ያልታሰረው ምን ሰበብ አለን?

እንግዲህ የቤት ሥራ እንስጥ። እስከሚቀጥለው የንባብ ምሽት ሁላችንም አንድ መጽሐፍ እንምረጥ፣ ማንም ያላዘዘንን። ይሄን ጽሑፍ የምታነቡም ኮሜንት ላይ የመጽሐፉን ስም ጻፉ፣ ከሥሩም ምኑ ደስ እንዳላችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር። ጥቅስ አትለጥፉ። የራሳችሁን ቃል ጻፉ። ከኛ ሐሳብ የተለየ መጽሐፍ የጻፈ ልጅ ካለ ደግሞ አትሳደቡበት፣ "አንብቤ ልመለስ" በሉት። እንዲህ የሚባባል ወጣት ማንም ማይክ የጨበጠ ሰው አይነዳውም።

መልካም ንባብ! ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!